«ቤር»፦ የአንድ ግስ ሸክም

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ።



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ሲጻፍ አራት ፊደል፣ ሲነገር አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው፤ «ቤር»። ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ቋንቋ ያስተማረ ሰው ስለ አንዲት ቃል ብቻ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ ሳያስገርም አይቀርም። ቃሏ ግን ከእኔ ጋር የቆየ ጉዳይ አላት፤ ስለዚህ ከጉዳዩ ልጀምር።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከውጭ አገር የመጡ አንድ መምህር ነበሩን። አንድ ቀን ማስታወሻቸው ተደባልቆባቸው ወረቀቶቻቸውን እያገላበጡ «ቤር ዊዝ ሚ» አሉን። እኔ እስከዚያን ቀን የማውቀው «ቤር» በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሥዕል ያየሁትን ድብ ብቻ ነበር። «ድብ ከእኔ ጋር» ብዬ በልቤ ተረጎምኩት። ግራ ቢገባኝ አጠገቤ የተቀመጠውን ጓደኛዬን «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ቃል ሳይናገር በደብተሩ ጠርዝ ላይ ድብ ሥሎ አሳየኝ። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። እጁን አውጥቶ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። መምህሩ የጠየቁን «ጥቂት ታገሡኝ» ብለው ብቻ ነበር።

ይህን የማነሣው ለማሳቅ አይደለም። በአገራችን ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም ሕጉንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ረጅሞቹንና ከባዶቹን ቃላት መዝገበ ቃላት ይገልጥላቸዋል፤ መምህሩም ቆም ብሎ ያብራራቸዋል። የሚያመልጡን አጫጭሮቹ ናቸው። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል ተብሎ ስለሚታሰብ የሚያብራራቸው የለም። «ቤር» ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ግስ የምነግራችሁ ሌላም ታሪክ አለኝ፤ እሱ ግን አያስቅም፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እመለስበታለሁ።

አንድም፣ አንድም

የአገራችን የመጻሕፍት መምህራን አንድን ንባብ ሲያብራሩ በአንድ ፍች አይቆሙም፤ «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍች ከጎኑ ያስቀምጣሉ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁሉም በቦታው ይቆማል። ለዚህ ግስ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ስላላገኘሁ እሱኑ ልዋስ።

«ቤር» ማለት ተሸከመ ማለት ነው። የሕንጻ መሐንዲሶች ጣሪያውንና ፎቁን የተሸከመውን ግድግዳ፣ ክፍል ለመለየት ብቻ ከቆመው ግድግዳ የሚለዩት በዚሁ ግስ ነው። ተሸካሚው ከፈረሰ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሌላው ቢፈርስ ክፍሉ ይሰፋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። በየጋራዡ «ኩሽኔታ» የምንለው የብረት ቀለበትም በእንግሊዝኛ «ቤሪንግ» ይባላል፤ የሚሽከረከረውን ዘንግ ክብደት የሚሸከም ስለሆነ ነው። እኛ «ኩሽኔታ»ን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ቃሉ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። አንዱ ሕዝብ ያንኑ ብረት ተሸካሚ አለው፤ ሌላው ትራስ አለው። እኛ ደግሞ ከትራሱ በላይ ሳንቃ አድርገን የሰፈር ልጆች መኪና ሠራንበት።

አንድም ይዞ ሄደ፣ አደረሰ ማለት ነው። ትንኝ የሚያዛምተው በሽታ፣ በአየር ወይም በውኃ የሚተላለፍ ሕመም በሕክምና እንግሊዝኛ በዚህ ግስ ይገለጻል። በባንክ ቤት ቼክ ላይ ስም ሳይጠቀስ ሲቀር የሚጻፈው «ቤረር» የሚለው ቃል በአማርኛው «ለአምጪው» ሆኗል። እንግሊዝኛው ሰውዬውን ወረቀቱን ይዞ መንገድ ላይ እንዳለ ያየዋል፤ አማርኛው ግን መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ይቀበለዋል።

አንድም ወለደ፣ አፈራ ማለት ነው። ሴት ልጅን፣ ዛፍ ፍሬን፣ ገንዘብም ወለድን «ቤር» ያደርጋል። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው አያንስም፤ «ወለድ» የሚለው ቃላችን «ወለደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በጥንት ግሪክኛም የአራጣ ስምና የልጅ ስም አንድ ቃል ነበር። አርስቶትል አራጣን ሲነቅፍ በዚሁ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከተፈጥሮ ውጭ ሆኖ ታይቶታል።

አንድም ታገሠ፣ ቻለ ማለት ነው። ሕመምን፣ ብርድን፣ ሐዘንን፣ የሰውን ጠባይ መቻል ነው። ይህ ፍች አንድ ጠባይ ስላለው በተለይ ልብ በሉልኝ፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚህ ፍች የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ ወይም በጥያቄ ነው። «አልችለውም» ለማለት፣ «እንዴት ትችለዋለህ?» ለማለት። በአዎንታ «እችለዋለሁ» ብሎ ከተናገረ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፣ ዕርዳታ አያሻኝም ማለቱ ነው። ይህን ኋላ እንፈልገዋለን።

አንድም በላዩ አለበት፣ ይዟል ማለት ነው። ደብዳቤ ፊርማን፣ ፊት ጠባሳን፣ ሰው የአያቱን ስም፣ ልብ ቂምን «ቤር» ያደርጋል። እኛ ቂምን እንቋጥራለን፤ እንግሊዞች ይሸከሙታል። የትኛው እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ።

አንድም አቅጣጫ ያዘ ማለት ነው። መንገደኛን «ግራውን ይዘህ ሂድ» ሲሉት «ቤር ሌፍት» ይሉታል። መርከበኛ ያለበትን የሚለይበት የአቅጣጫ ልክ «ቤሪንግ» ነው፤ መድረሻው የጠፋው ሰውም «ቤሪንጎቹ ጠፉበት» ይባላል።

ከዚህ በተጨማሪ ግሱ ከትናንሽ ቃላት ጋር እየተጣመረ ሌላ ይሆናል። ከአንዱ ጋር ሲሆን አረጋገጠ፣ ከሌላው ጋር ጸና፣ ከሌላው ጋር ተጭኖ መጣ፣ ከሌላው ጋር ይመለከታል፣ ከሌላው ጋር ደግሞ የእኔው መምህር እንዳሉት ታገሠ ማለት ይሆናል። ከ«ምስክርነት» ጋር ሲሆን መሰከረ፣ ከ«አእምሮ» ጋር ሲሆን ልብ አለ ይሆናል።

እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ አንድ ሥዕል አለ፦ ከላይ የተጫነ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ የማይጥለው አካል። ፅንስ በማሕፀን፣ ሕመም በልብ፣ ስም በሰው ላይ፣ ጣሪያ በግድግዳ ላይ። ተማሪ ይህን ሥዕል ከያዘ ፍቾቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አይኖርበትም።

ፍርድ ቤት የደረሰ ፍች

«ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው ማሻሻያ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝና «ቤር» የማድረግ መብት እንዳለው ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሎምቢያ ዲስትሪክትና በሔለር መካከል በነበረው ክርክር ላይ ሲወስን ዳኞቹ ከተከራከሩባቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ግስ ነበር። አምስቱ ዳኞች ግሱ ተሸከመ፣ ያዘ ማለት በመሆኑ መብቱ የግለሰብ ነው አሉ። አራቱ ደግሞ ግሱ ከ«መሣሪያ» ጋር ተጣምሮ ሲነገር በዘመኑ በወታደርነት ማገልገል የሚል ፈሊጣዊ ፍች ስለነበረው መብቱ ከሕዝባዊ ጦር አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው አሉ። ዳኞቹ በአሮጌ መዝገበ ቃላትና በዘመኑ ጽሑፎች ተሟገቱ፤ ውሳኔው 5 ለ 4 ሆነ። ከዚያም ወዲህ የቋንቋ ጥናት ባለሙያዎች የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ጽሑፎች በኮምፒውተር አሰባስበው ሐረጉ በምን ዐውድ ይውል እንደነበር መመርመር ቀጥለዋል። አንድ ቃል ለብቻው ያለው ፍችና ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ያለው ፍች የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ቤተሰቡ

አሁን ወደ ግሱ ታሪክ እንለፍ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሱ «ቤራን» ነበር፤ የኃላፊ ጊዜው «ባር»፣ ቦዝ አንቀጹ «ቦረን»። መካከል ላይ ያለው አናባቢ እየተለወጠ ጊዜን ይለያል። «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስብራት» እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ይህ በእኛ ቋንቋ ዛሬም የሚሠራ ሥርዓት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን ከጥንት የተረፈ ቅሪት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኃላፊውን ጊዜ አሁንም «ቤር» ይለዋል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት «ቦር» የበላይነቱን ይዞ ያኛውን ያስቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቦዝ አንቀጹ «ቦርን» በሁለት ዓይነት ይጻፋል። መጨረሻው ላይ አናባቢ ፊደል የሌለው ለተወለደ ሰው ብቻ ይውላል፤ አናባቢ የተጨመረበት ደግሞ ለቀረው ሁሉ ነው። ይህ ልዩነት የጸናው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ «በውኃ የተወለደ በሽታ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አንዲት ፊደል ስለምትተዉ ነው።

ከዚሁ ግስ የተወለዱ የቤት ልጆች አሉ። «በርደን» ሸክም ነው፤ በሕግ ትምህርት ክፍል «የማስረዳት ሸክም» የምትሉት ከዚህ የመጣ ነው። «በርዝ» ልደት ነው። «ቤርን» በስኮትላንድ ሕፃን ነው። «ባሮው» በእጅ የሚገፋ ጋሪ ነው። «ቢር» ደግሞ የሬሳ ቃሬዛ ነው። ልደትና ቃሬዛ ከአንድ ግስ መውጣታቸውን ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ እናቱ ትሸከመዋለች፤ ሲሄድ ጎረቤቶቹ ይሸከሙታል። በመካከሉ ያለው ጊዜ እሱ የሚሸከምበት ነው።

ቤተሰብ የሚመስሉ ባዕዶችም አሉ። ድቡ ዘመድ አይደለም፤ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው አስተያየት የጥንት ጀርመናውያን እውነተኛ ስሙን መጥራት ስለፈሩ «ቡናማው» ብለው ሰየሙት የሚል ነው። ራቁት ማለት የሆነው «ቤር»ም በድምፅ ብቻ ይመሳሰላል። ቅድመ አያት ማለት የሆነው «ፎርቤር»ም «ቀድሞ የነበረ» ማለት ነው፤ የመጣው ከመሆን ግስ ነው እንጂ ከመሸከም አይደለም።

የአጎት ልጆቹ ደግሞ በሩቅ አገር ይገኛሉ። ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 በካልካታ ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይቀዱ አይቀሩም አለ። ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 የድምፆቹን ለውጥ በሥርዓት አስቀመጠ። በዚህ ሥርዓት መሠረት በሳንስክሪት «ብሃራቲ»፣ በግሪክኛና በላቲን «ፌሮ»፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቤራን» አንድ ግስ ናቸው። አጋጣሚ አለመሆኑን የሚያሳየው ይኸው የድምፅ ዝምድና በ«ወንድም» ላይም መደገሙ ነው፤ በሳንስክሪት «ብህራታር»፣ በላቲን «ፍራቴር»፣ በእንግሊዝኛ «ብራዘር»።

ከላቲኑ ግስ የወጡትን እናንተ በየቀኑ ትናገራላችሁ። ሐኪም «ሪፈር» ሲጽፍላችሁ መልሶ አሸከማችሁ ማለት ነው። «ትራንስፈር» ማሻገር ነው። «ኮንፈረንስ» በአንድ ላይ ማምጣት ነው። መከራ መቀበል ማለት የሆነው «ሳፈር» ከሥር ሆኖ መሸከም ነው። የላቲኑ ግስ በኃላፊ ጊዜና በቦዝ አንቀጽ ሌላ ሥር ይዋሳል፤ ቦዝ አንቀጹ «ላቱም» ነው። ስለዚህ ትርጉም ማለት የሆነው «ትራንስሌሽን» እና ማዛወር ማለት የሆነው «ትራንስፈር» በላቲን የአንድ ግስ ሁለት መልኮች ናቸው። የግሪኩ «ሜታፎር»ም ያው አሻግሮ መሸከም ነው።

በግሪክኛ «ፎስፎረስ» ብርሃን ተሸካሚ ነው፤ «ክሪስቶፎር» ክርስቶስን የተሸከመ ነው። «አምፎራ» በሁለት ጆሮዎቿ የምትያዝ እንስራ ናት። ላቲኖች ከአምፎራ «አምፑላ» የምትባል ትንሽ ብልቃጥ ስም አወጡ፤ እሷም በአውሮፓ ቋንቋዎች አድርጋ «አምፖል» ሆና ቤታችን ገባች። እንግዲህ ይህን አዳራሽ የሚያበራው ዕቃ በስሙ ውስጥ የዛሬውን ግሳችንን ተሸክሟል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለም ማለት የሆነው «ፈርታይል» ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ «ፍሬ» የሚለው የግእዝና የአማርኛ ቃል ግን አይደለም። ድምፁም ፍቹም ቢመሳሰልም «ፍሬ» የሴም ቋንቋዎች የራሳቸው ሥር ነው። ሥርወ ቃል በጆሮ አይፈረድም፤ የድምፅ ሕግ ምስክር ሆኖ መቅረብ አለበት።

የእኛዎቹ ተሸካሚዎች

ወደ አገራችን እንመለስ። በግእዝ «ጾረ» የሚል ግስ አለ። ተሸከመ ማለት ነው፤ ታገሠ ማለት ነው፤ እናት በማሕፀኗ መሸከሟም በዚሁ ግስ ይነገራል። ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም የዘር ዝምድና ሳይኖረው ያንኑ መንገድ ሄዷል። ሕዝቦች ሁሉ ልጅንም ሕመምንም ስለሚሸከሙ ይመስለኛል። ይህ ግስ በአማርኛ «ጦረ» ሆነ፤ ፍቹ ግን አንድ ሥራ ላይ ጠበበ፦ ያረጁ ወላጆችን መደገፍ። «ጧሪ ቀባሪ» የምንለው፣ «ጡረታ» የምንለው ከዚህ ነው። በግእዙ እናት ልጅን ትጾራለች፤ በአማርኛው ልጅ እናትን ይጦራል። ዕዳው በአንድ ግስ ውስጥ ተመልሶ ተከፍሏል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ግሳችን «ቻለ» ነው። ምንጩ የግእዙ «ክህለ» ነው፤ የቋንቋ መምህራን «አራቱ ክሂሎች» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። አማርኛ «ቻለ»ን ለሁለት ነገር ያውለዋል፦ አቅም አለኝ ለማለትና ታገሥኩ ለማለት። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት የተለያዩ ግሶች ሲኖሩት እኛ ዘንድ አንድ ነው። መታገሥ ራሱ አቅም ነው የሚል አስተሳሰብ በግሱ ውስጥ አለ። «ቻይ» ብለን የምናመሰግነው ሰው ደካማ አይደለም። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ አደጋም አለበት። አደጋውን ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ።

እማማ

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል አልፎ አልፎ ለአገራችን ሰዎች አስተርጓሚ ሆኜ እጠራ ነበር። አንድ ምሽት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ተቀጠረ። ነርሷ ሕመሙን እስከ ጧት «ቤር» ማድረግ ይችሉ እንደሆነ እንድጠይቃቸው ነገረችኝ።

«እማማ፣ ሕመሙን እስከ ጧት ይችሉታል?» አልኳቸው።

«ምን ይደረጋል ልጄ፤ እችለዋለሁ።»

እኔም ለነርሷ «አዎ፣ ትችለዋለች» ብዬ ተረጎምኩ። ነርሷ ጽፋ ሄደች። እኔም ሌሊቱን ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩ።

ጧት ስመለስ ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው አንድ ድምፅ ሳያሰሙ ነው ያነጉት። ሐኪሙ ፊታቸውን አይቶ ወዲያው ማስታገሻ አዘዘ፤ ቀጥሎም ለምን ሌሊቱን እንዳልተሰጣቸው ጠየቀ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ታካሚዋ ሕመሙ የሚቻል ነው ማለታቸው ነበር። ያ ቃል የነርሷ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል እጄን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ቻልኩት እኮ» አሉኝ።

ትርጉሜን በመዝገበ ቃላት ብታመሳክሩት ስሕተት አታገኙበትም። «ቤር» ቻለ ነው፤ «ቻለ»ም «ቤር» ነው። ሁለት ነገር ግን ጥዬ ነበር። አንደኛው «ምን ይደረጋል» የሚለውን ነው፤ የማይተረጎም ማሟያ መስሎኝ አለፍኩት፤ መልሱ ግን እሱ ነበር። ሁለተኛው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው የአነጋገር ልዩነት ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት እንግሊዝኛው በአዎንታ ሲነገር ስለ ሕመሙ ልክ ይናገራል፤ ቀላል ነው ይላል። የእማማ «እችለዋለሁ» ግን ስለ ሕመሙ ምንም አልተናገረም፤ ስለ ራሳቸው ነው የተናገረው። እንደ እሳቸው ያለች እናት በባዕድ ሰው ፊት «ትችያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የምትጠየቀው ስለ ክብሯ ነው፤ «አልችልም» አትልም። ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበረው «ማስታገሻ ይሰጥዎ?» ብዬ ነበር። ለነርሷም «ይህ መልስ ሕመም የለም ማለት አይደለም» ብዬ መንገር ነበረብኝ።

መቻቻልና ሚዛኑ

ከዚህ ተነሥቼ ስለ አንድ የዘመናችን ቃል ጥቂት ልናገር። በእንግሊዝኛ «ቶለራንስ» የሚባለው ከሌላ የላቲን ግስ ቢመጣም እሱም መሸከም ማለት ነው። እኛ «መቻቻል» እንለዋለን። አማርኛው እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል፤ ግሱ የተገላባጭ መልክ አለው። እንግሊዝኛው አንዱ ሌላውን ሲሸከም ብቻ ያሳያል፤ አማርኛው እኔ ስችልህ አንተም እንድትችለኝ ያስገድዳል። ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻ የሚችልበት ኑሮ በሰዋስውም ቢሆን መቻቻል ሊባል አይገባውም፤ እሱ መቻል ብቻ ነው። «ቻል አድርገው» ከማለታችን በፊት የሸክሙን ክብደትና የተሸካሚውን ማንነት መጠየቅ ይኖርብናል።

ለተማሪዎቼና ለባልደረቦቼ

ለተማሪዎች የምመክረው አጭር ነው። ግስን ብቻውን አታጥኑ፤ ከተሳቢው ጋር አጥኑት። «ቤር» ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ተሸካሚው ማን ነው? ሸክሙ ምንድን ነው? የተነገረው በአዎንታ ነው ወይስ በአሉታ? እነዚህ ሦስቱ ከመለሱላችሁ መዝገበ ቃላቱ ማረጋገጫ ብቻ ይሆናል።

ለባልደረቦቼ የምለው ግን ከግስ ያለፈ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት በእንግሊዝኛ ካስተማርን በኋላ «ግልጽ ነው?» እንላለን። ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «የስ» ይላሉ፤ እኛም በመዝገባችን «ትምህርቱ ተሰጥቷል» ብለን እንጽፋለን። እኔ ይህን «የስ» በሰማሁ ቁጥር እማማን አስታውሳለሁ። ብዙውን ጊዜ ያ ቃል ገብቶናል ማለት አይደለም፤ ምን ይደረጋል፣ እንችለዋለን ማለት ነው። ያኔ ድብ ሥለን የሳቅነው ሁለት ልጆችም «የስ» ብለን ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችንን እንለውጥ። «ገባችሁ?» ከማለት «ይህን በራሳችሁ ቃል፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ንገሩኝ» እንበል። ነጠላውን የነከሰ ተማሪ ካለ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ንግግሬ ከተመደበልኝ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ይታየኛል። መምህሬ ያኔ የጠየቁንን እኔም ሳልጠይቃችሁ ሰጥታችሁኛል። ስለቻላችሁኝ አመሰግናለሁ።